ሞንትጎመሪ ካውንቲ፦ በትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ውስጥ የእኛ ልጆች የት ገቡ?

ጥያቄ | ወላጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት። በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ወላጆችና የትምህርት ሰዎች ይህን ብታዩልኝ። የስቴቱን የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ለሚያነብ ሰው ሦስት ነገር ግልጽ አይደለም።

አንደኛ፣ ሠንጠረዡ ተማሪውን ሂስፓኒክ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ እያለ ይከፋፍላል። አማርኛ ተናጋሪ የሚል አንድም ረድፍ የለም። ልጆቻችን የት ተቆጠሩ? ሁለተኛ፣ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ያለፉት እጅግ ጥቂት ናቸው ይላል። እውነት ይህን ያህል ወድቋል? ሦስተኛ፣ ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የካውንቲው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያንቀሳቅሳል፤ ግን በየዓመቱ በጀት አልበቃም ሲባል እንሰማለን። ገንዘቡ በየት በኩል መጥቶ በየት በኩል ይሄዳል? ወላጅስ የቱ ላይ ነው እጁን ማስገባት የሚችለው? እባካችሁ በቁጥር አስረዱ።

መልስ 1 | ቆጠራ

እኅቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሣ፤ የገንዘቡም ነገር የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ዲስትሪክቱ በሜሪላንድ ትልቁ ነው፤ ወደ 160,000 ተማሪ፣ ከ200 በላይ ትምህርት ቤት አለው። ከሦስት ተማሪ አንዱ፣ እንዲያውም ትንሽ በለጥ ያለው፣ ሂስፓኒክ ነው። ነጩ ወደ ሩብ፣ ጥቁሩ ከአምስት አንድ በለጥ ይላል፤ እስያዊው ከዚያ ያንሳል። የእኛ ልጆች ያሉት «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው ረድፍ ውስጥ ነው። አባቱ ከጎንደር የመጣ ልጅ፣ ቤተሰቡ ከካሜሩን የመጣ ልጅና አያት ቅድመ አያቱ ሜሪላንድ የኖሩ ልጅ አንድ ላይ ተደምረው አንድ አማካይ ይወጣላቸዋል። ያ አማካይ ስለ ሦስቱም የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ወላጅ የዘር ጥያቄውን ባዶ ቢተወው ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይቶ ይሞላዋል።

በማርች 2024 የፌዴራሉ መንግሥት የዘር ጥያቄውን አሻሽሎ፣ በጥቁር ሥር ከተዘረዘሩት መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚል ምርጫ አስገብቷል። ወደየትምህርት ቤቱ ፎርም እስኪወርድ ግን ጊዜ ይፈጃል።

እስከዚያ ድረስ የአማርኛ ቤተሰብ በግልጽ የሚታየው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ልጅ ሲመዘገብ በሚሞላው የቤት ቋንቋ መጠይቅ። ሦስት ጥያቄ ነው ያለው፦ ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታበት ቋንቋ፣ አሁን አብዝቶ የሚናገርበት ቋንቋ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ። ከሦስቱ በሁለቱ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ልጁ የእንግሊዝኛ መለያ ፈተና ይወስዳል። ዲስትሪክቱ ደብዳቤና ማስታወቂያ በአማርኛ የሚያስተረጉመውም ተናጋሪው ብዙ መሆኑ ተቆጥሮ ስለታወቀ ነው።

ስሕተቱ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ወላጅ «ልጄ ኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ የሚሰጥ ትምህርት) ክፍል ገብቶ ወደ ኋላ ይቀርብኛል» ብሎ ሦስቱንም «እንግሊዝኛ» ይላል። ልጁ አይፈተንም፤ እንደ እንግሊዝኛ ተማሪ አይቆጠርም፤ ለእሱ ሊመጣ የሚችለው ተጨማሪ ገንዘብም አይመጣም። እውነቱን መጻፍ በራሱ ልጁን ኢሶል አያስገባውም። መለያ ፈተናውን በበቂ ካለፈ በዚያው ያበቃል። ሳያልፍ ቀርቶ ወላጅ አገልግሎቱን ካልፈለገም በጽሑፍ እንቢ ማለት መብቱ ነው፤ አክሰስ የሚባለው ዓመታዊው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ግን መውጫ ነጥቡን እስኪያሟላ ድረስ አይቀርለትም።

መልስ 2 | የሒሳብ መምህር

ስለ 8ኛ ክፍል ሒሳብ፦ ያ ቁጥር የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ውጤት አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ የሚደነግጡ ወላጆች ብዙ ናቸው።

የስቴቱ ፈተና ኤምካፕ ይባላል። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በእንግሊዝኛና በሒሳብ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛና አልጀብራ 1 አለ። ውጤቱ በአራት እርከን ይወጣል፤ 3ኛና 4ኛው «ብቁ» ይባላል። አሁን ልብ በሉ፤ አልጀብራ 1ን በ7ኛ ወይም በ8ኛ ክፍል የሚማር ልጅ የክፍሉን ፈተና ትቶ የአልጀብራውን ፈተና ነው የሚወስደው። በሒሳብ የበረቱት ከ8ኛ ክፍል ረድፍ ወጥተው አልጀብራ 1 ረድፍ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። 8ኛ ክፍል በሚለው ረድፍ የሚቀረው ገና ያልደረሰው ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ ደግሞ ቀድመው አልጀብራ የሚጀምሩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታዩ ሁለቱን ረድፍ ጎን ለጎን አድርጉ፤ ፈተናውን ስንት ልጅ እንደወሰደ የሚለውንም ቁጥር አትዝለሉ።

ይህ ማለት ሒሳቡ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በ2024 በመላው ስቴት በእንግሊዝኛ ብቁ የሆነው 48.4 ከመቶ፣ በሒሳብ 24.1 ከመቶ ነበር። ከአራት ልጅ አንድ እንኳ አልሞላም። ሞንትጎመሪ ከስቴቱ አማካይ በላይ ነው፤ በካውንቲው ውስጥ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ልዩነቱም በአብዛኛው የቤተሰብ ገቢን ተከትሎ ይሄዳል።

«የእንግሊዝኛ ተማሪዎች» የሚለው ረድፍም እንዲሁ ያሳስታል። እንግሊዝኛው የተሟላለት ልጅ ከዚያ ቡድን ይወጣል፤ በቦታው ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ልጅ ይገባል። ጥሩ የሚሠራ ትምህርት ቤት እንኳ በዚህ ረድፍ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። የፌዴራሉ ሕግ የወጡትን ልጆች እስከ አራት ዓመት ድረስ አብሮ መቁጠርን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሠንጠረዥ ከማወዳደራችሁ በፊት የወጡት ተካተዋል ወይስ አልተካተቱም የሚለውን አረጋግጡ። ኮከብ ምልክት ብቻ ካያችሁ ቡድኑ ከ10 ልጅ በታች ስለሆነ ተደብቋል ማለት ነው። ከ5 በታች ወይም ከ95 በላይ የሚል ካያችሁም እንዲሁ የልጆቹን ማንነት ለመጠበቅ ነው።

ትምህርት ቤት ለመምረጥ ስቴቱ ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የደረጃ ኮከብና ከማለፊያው መቶኛ ይልቅ «የተማሪ ዕድገት» የሚለውን እዩ እላለሁ። ልጁ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው ልጆች ጋር ተነጻጽሮ ከ1 እስከ 99 ይሰጠዋል፤ 50 መካከለኛ ነው። የማለፊያው መቶኛ ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውንም ይለካል፤ ዕድገቱ ግን ትምህርት ቤቱ የጨመረለትን ወደ ማሳየት ይቀርባል። ማለፊያው 35 ከመቶ፣ ዕድገቱ 60 የሆነ ትምህርት ቤት ባገኝ፣ ማለፊያው 60፣ ዕድገቱ 40 ከሆነው እሱን አስቀድማለሁ።

መልስ 3 | በጀት ተከታታይ

ገንዘቡን ላስረዳ።

ከሥራ ማስኬጃ በጀቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ከካውንቲው ነው፤ በአብዛኛው ከንብረትና ከገቢ ግብር። ቀጥሎ ስቴቱ ነው። የፌዴራሉ ድርሻ ጥቂት ነው፤ ግን ታይትል ዋን በሚባለው የድሃ ተማሪዎች ድጎማና በልዩ ትምህርት ላይ ስለሚውል ድሃው ትምህርት ቤት ላይ ሲቀነስ ጎልቶ ይሰማል። ከጠቅላላው 90 ከመቶ የሚሆነው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው። «ሦስት ቢሊዮን የት ገባ?» ለሚለው አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ሰው ላይ ነው የሚውለው። ሕንፃ በሌላ በጀት ነው የሚሠራው፤ የስድስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ አለው። አዲስ ጂም ሲሠራ አይታችሁ «ለመምህር ገንዘብ አጥተው» ብትሉ መልስ አታገኙም፤ ኪሱ የተለያየ ነው።

የስቴቱ ገንዘብ የሚሰላው በ2021 በጸደቀው ብሉፕሪንት በሚባለው ሕግ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ መሠረታዊ የነፍስ ወከፍ ገንዘብ አለ፤ በ2024 በጀት ዓመት 8,642 ዶላር ነበር። በላዩ ላይ «ሚዛን» የሚባል፣ መሠረታዊው ገንዘብ እየተባዛበት የሚሰላ ጭማሪ አለ፤ ለእንግሊዝኛ ተማሪ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ፣ ለልዩ ትምህርት። ሚዛኖቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ሕጉ በ2033 እንዲያርፉ ያሰበው ለእንግሊዝኛ ተማሪ 0.85፣ ለዝቅተኛ ገቢ 0.73 ላይ ነው። መንገዱን ለማየት ያህል 8,642ን በ0.85 ብታባዙ 7,346 ዶላር ገደማ ይመጣል። አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ተማሪ ተብሎ በመቆጠሩ ብቻ የሚጨመረው በዚህ መጠን ነው። ዝቅተኛ ገቢም ከሆነ ሁለቱም ይደመራሉ።

ሙሉውን ስቴቱ አይከፍልም። ሞንትጎመሪ ሀብታም ካውንቲ ስለሆነ የስቴቱ ድርሻ ያንሳል፤ ለእነዚህ ተጨማሪ ሚዛኖች ግን ከ40 ከመቶ በታች እንዳይወርድ ወለል ተደርጎለታል። ቀሪውን ካውንቲው የመሸፈን ግዴታ አለበት። ከዚያም በላይ ካውንቲው ለአንድ ተማሪ ካለፈው ዓመት ያነሰ እንዳይመድብ የሚከለክል ሕግ አለ። ይህ ሕግ በጀቱን የሚወስነውን የካውንቲውን ካውንስል ጥንቁቅ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ በነፍስ ወከፍ ለሚቀጥለው ዓመት ወለል ስለሚሆን፣ ጥሩ ዓመት ላይ እንኳ እጁን ይሰበስባል።

ብሉፕሪንት ሌላም ነገር አመጣ፤ ልጁ ያስገኘው ገንዘብ ቢያንስ 75 ከመቶው ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት ላይ እንዲውል ያዛል። ርእሰ መምህር ፊት ስትቀርቡ «በእኛ ትምህርት ቤት ስንት የእንግሊዝኛ ተማሪ ተቆጠረ? በዚያ ስንት የኢሶል መምህር ተመደበ?» ብሎ መጠየቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። መልሱ በዶላር አይመጣም፤ ማዕከሉ ለትምህርት ቤት የሚያድለው በዋናነት የሰው መደብ ነው። «አንድ ነጥብ አምስት መደብ» ካሉ አንድ ሙሉ መምህርና ሌላ ትምህርት ቤት ጋር የምንጋራው አንድ ሰው ማለታቸው ነው።

ሪፖርት ካርዱ ላይ «በአንድ ተማሪ ወጪ» የሚል ቁጥርም አለ። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም መምህራኑ የረጅም ጊዜ ልምድና ከፍ ያለ ደመወዝ ያላቸው ከሆኑ ቁጥሩ ያድጋል። ልጅሽ ጋ ብዙ ደረሰ ማለት ላይሆን ይችላል።

ድህነት የተከማቸባቸው ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው የሚያገኙት ድጎማም አለ። ሲጀመር 80 ከመቶ ተማሪያቸው ዝቅተኛ ገቢ ለሆነባቸው ነበር፤ በትምህርት ቤት 248,833 ዶላር፤ አስተባባሪና የጤና ባለሙያ የሚቀጠርበት። መግቢያው በየዓመቱ እየወረደ 55 ከመቶ እንዲደርስ ነው የታቀደው። ወደዚያ መስመር የተጠጋ ትምህርት ቤት ላይ ዝቅተኛ ገቢ መሆናቸው የሚታወቅበትን የምሳ ማመልከቻ ፎርም ያልሞሉ ሃያ ሠላሳ ቤተሰቦች መስመሩን ሊያሳልፉትም ሊያስቀሩትም ይችላሉ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ቆይ ግን፣ ቁርስና ምሳ ለሁሉም ልጅ ነፃ የሆነበት ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ፎርሙ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው «ልጄ እየበላ ነው» ብሎ ይተወዋል።

መልስ 4 | ፎርም ሞይ

ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው፤ ደግ አደረግሽ አነሣሽው።

ለሁሉም ነፃ የሆነው ሲኢፒ በሚባለው የፌዴራል አሠራር ነው። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ በመሳሰሉት ፕሮግራሞች በቀጥታ የታወቁ ልጆች 25 ከመቶ የደረሱበት ትምህርት ቤት መግባት ይችላል። እዚያ ለምሳ ማመልከቻ አይጠየቅም። በቀጥታ ያልታወቀው ልጅ በገንዘቡ ስሌት እንዲገባ ግን ትምህርት ቤቱ ሌላ የቤተሰብ ገቢ ፎርም ይልካል፤ ምሳ የሚለው ስለሌለበት ወላጅ ይጥለዋል። ከልጁ ቦርሳ የወጣው ወረቀት ያ ከሆነ ሙሉት።

ሲኢፒ ባልሆነ ትምህርት ቤት ማመልከቻው በየዓመቱ አዲስ ነው። ያለፈው ዓመት ፈቃድ ትምህርት ከተከፈተ 30 የትምህርት ቀን ብቻ ያቆያል፤ ኦገስት መጨረሻ ከተከፈተ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ያበቃል። የስቴቱ የዝቅተኛ ገቢ ቆጠራ የሚያዘው ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ገቢ ቢቀንስ በዓመቱ መካከልም ማመልከት ይቻላል፤ ልጁ ይበላል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ግን ቆጠራው አምልጦታል።

አሞላሉ ላይ የሚሳሳቱበት እነሆ። የ2025–26 የገቢ ጣሪያ ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 59,478 ዶላር፣ ለአምስት ሰው 69,653 ነው። ጣሪያው በየዓመቱ ይለወጣል። የደመወዝ ሰው የሚጽፈው ግብር ሳይቆረጥ በፊት ያለውን ነው። ቼኩ በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በ26፣ በወር ሁለት ጊዜ ከሆነ በ24 ይባዛል፤ እነዚህን ሁለቱን ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። 2,300 ዶላር በ26 ሲባዛ 59,800 ነው፤ አራት ሰው ቤተሰብ ይወድቃል። በ24 ከሆነ 55,200 ነው፤ ያልፋል። በ15ና በ30 የሚከፈለው ሰው «በየሁለት ሳምንቱ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ካደረገ በ322 ዶላር ተከለከለ ማለት ነው።

ኡበርና ሊፍት የሚነዳ ሰው ደግሞ የግል ሥራ ነው፤ እሱ የሚጽፈው የሥራው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን የተጣራ ገቢ ነው። መተግበሪያው የሚያሳየውን ጠቅላላ ድምር የሚጽፉ ሰዎች በከንቱ ይከለከላሉ።

የቤተሰቡን ብዛት ደግሞ በደንብ ቁጠሩ። ከአገር ቤት መጥተው አብረው የሚኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ በእናንተ ገቢ የሚተዳደሩ እናት ካሉ አምስተኛ ሰው ናቸው፤ ጣሪያው በ10,175 ዶላር ይጨምራል። ቤዝመንት ተከራይቶ ራሱን የሚችለው ዘመድ አይቆጠርም። ለአገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከገቢ አይቀነስም፤ ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ እንዲያ ነው።

ፎርሙ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። የአንድ አዋቂ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት አሐዝ ነው የሚፈልገው፤ ከሌለም «የለኝም» የሚል ሣጥን አለ። እሱን ሣጥን ባዶ ትቶ መፈረም ፎርሙን ያልተሟላ ያደርገዋል።

መልስ 5 | በጀት ተከታታይ

ወላጅ እጁን የሚያስገባበትን ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር። ሱፐርኢንተንደንቱ፣ ማለትም የዲስትሪክቱ ኃላፊ፣ የበጀት ዕቅዱን የሚያወጣው ዲሴምበር ነው። የትምህርት ቦርዱ ጃንዋሪ ላይ ሕዝብ ይሰማል፤ ፌብሯሪ ያጸድቅና ማርች 1 ለካውንቲው ይልካል። የካውንቲው ኤግዜኪዩቲቭ ማርች አጋማሽ የራሱን ያቀርባል፤ ካውንስሉ ኤፕሪል ሰምቶ ሜይ መጨረሻ ይወስናል። ጁን ላይ ቦርዱ የተሰጠውን አይቶ ያስተካክላል፤ አዲሱ ዓመት ጁላይ 1 ነው። ብዙው ሰው የሚነሣው ሜይ ላይ፣ መምህሩ ሊነሣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ነው። ያን ጊዜ መደቦቹ ተደልድለዋል። ጃንዋሪ ላይ አምስት ወላጅ የትምህርት ቤቱን ቁጥር ይዞ ቢቀርብ ይሻላል። ስምንት የቦርድ አባላት አሉ፤ አንዱ ተማሪ ነው፤ በበጀቱ ላይ ድምፅ አለው። ሰው የሚረሳው እሱን ነው፤ ልጆቻችሁ ራሳቸው ሊጽፉለት ይችላሉ።

ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አማርኛ አስተርጓሚ ስትፈልጉም በዚያው ጊዜ ጠይቁ፤ በዕለቱ አይደርስም።

ጠያቂዋ

የመጨረሻ ጥያቄ። እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚፈስለት ልጅ ለምን ሦስትና አራት ዓመት ኢሶል ይቆያል?

መልስ 6 | ኢሶል

ፈተናው ንግግር ብቻ ስላልሆነ ነው። የአክሰስ ጠቅላላ ውጤት ሲሠራ ንባብ 35 ከመቶ፣ ጽሕፈት 35 ከመቶ፣ ማዳመጥ 15፣ መናገር 15 ነው። 70 ከመቶው ወረቀት ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው። ሜዳ ላይና ቴሌቪዥን ላይ የተማረው ልጅ መናገሩን በአንድ ሁለት ዓመት ይጨርሰዋል፤ የሳይንስ ጽሑፍ አንብቦ ምክንያቱን በአንቀጽ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ነው፤ በሜሪላንድ መውጫው ጠቅላላ 4.5 ሆኖ ቆይቷል። የውጤት ወረቀቱ ቤት ሲመጣ ጠቅላላውን ብቻ አትዩ፤ አራቱን ለየብቻ እዩ። ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚጎትተው ጽሕፈቱ ነው። መምህሩን «በጽሕፈት ምን እየተሠራ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ውይይቱ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። አክሰስ የሚሰጠው ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ ነው። ገናና ጥምቀትን አገር ቤት ለማክበር የሚሄድ ቤተሰብ በትክክል እዚያ መስኮት ላይ ይወድቃል፤ ልጁ ሳይፈተን ከቀረ አንድ ዓመት ይጨምራል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የኢሶል አስተባባሪውን የፈተናውን ሳምንት ጠይቁ። ከዚህ ጋር የሚያያዝ፦ ለገና ወይም ለስቅለት መቅረት በሃይማኖት ምክንያት የተፈቀደ ነው፤ ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡ። ግን «ሥር የሰደደ መቅረት» ሲቆጠር የተፈቀደውም ያልተፈቀደውም አንድ ነው። ከ180 ቀን 18 ከሞላ ልጁ በትምህርት ቤቱ ኮከብ ላይ የሚቀነስ ቁጥር ይሆናል። የሦስት ሳምንት ጉዞ 15 የትምህርት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጉንፋን የሚቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው።